«ይቀየርልኝ» ብዬ ስላስቀየርኳቸው አባቴ

ለክቡር ኦቦ ሞሲሳ
የ«ትውስታ» ቪዲዮ ማዘመኛ ማዕከል ኃላፊ
አምቦ

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ አዲስ ሶፋ የተደላደለ፣ ቤተሰብዎም ደኅና እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ማዕከልዎ ለዋለልኝ ውለታ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ሰው ይታዘበኛል ብዬ ይህችን ጻፍኩ።

ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ ኦቦ ጉተማ በ1999 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ እህቴን ጋዲሴን ሲድሩ፣ «ሆራ፣ ቡላ»፣ ተባዙ፣ ኑሩ እያሉ የመረቁት ምርቃት በአንዲት ሲዲ ላይ ነበር። ቪዲዮው የተቀዳበት ኮዴክ የሚሉት ስልት ስላረጀ፣ የዛሬ ቴሌቪዥኖች ድምፁን ያሰማሉ እንጂ ምስሉን አያሳዩም። ልጄ ሃዋኒ በጥር ልትዳር ነውና አያቷ በሠርጓ ቀን ከነፊታቸው እንዲመርቋት ስለለመነችኝ ወደ እናንተ መጣሁ።

አንደኛ፣ ስለ ታዛዥነታችሁ አመሰግናለሁ። ማመልከቻዬ ላይ «አሮጌው የምርቃት ቪዲዮ ወደ አዲስ ይቀየርልኝ» ብዬ ነበር፤ ፎርማቱን ማለቴ ነው። እናንተ ግን ከቃሌ ሳትወጡ አሮጌውን ተቀብላችሁ፣ እርስዎ በማዕከሉ ምረቃ ላይ ያደረጉትን ንግግር በአዲስ ፍላሽ ሰጣችሁኝ። ሠራተኛዎ ወይዘሪት ኡርጂም ምረቃና ምርቃት ያው አንድ እንደሆኑ በትዕግሥት አስረድታኛለች።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥርዓታችሁ። ሲዲዬን መልሱልኝ ብል፣ ከሌሎች አሮጌዎች ጋር በጆንያ ታስሮ መጋዘን እንደገባና የተቀየረ ዕቃ እንደማይመለስ ተነገረኝ። ለካስ እኔ ጫማ አስቀይሬ ኖሯል።

ሦስተኛውን ሆዴን ስለሚያባባው በአጭሩ ልበለው። ፊታቸውን አገኛለሁ ስል ድምፃቸውንም አጣሁ። ለሃዋኒ እስካሁን አልነገርኳትም፤ ምን ብዬ እንደምነግራትም አላውቅም።

ስለዚህ የሥራዎን ክብደት እያወቅሁ የምጠይቀው ጆንያው እንዲፈታልኝ ብቻ ነው። ማዘመኑም ማሻሻሉም ይቅርብኝ፤ አባቴ ፊታቸው እንደጨለመም ቢሆን ይመለሱልኝ። «ይመለሱልኝ» የሚለው ቃል በማዕከልዎ ሌላ ትርጉም ካለው ግን ከመፈጸማችሁ በፊት ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል።

ከሶፋዎ ዝቅ፣ ከጆንያው ጥቂት ከፍ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ለመቀየር ገና ተራዬ ያልደረሰ አክባሪዎ
ወርቅቱ ጉተማ

ማስታወሻ፦ ንግግርዎ በስልኩም በቴሌቪዥኑም ያለ አንዳች ችግር ይከፈታል፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አይቶታል። አባቴ ያለ ምስል ሲመርቁ ቤቱ ሁሉ አሜን ይል ነበር። እርስዎን ግን ከነምስልዎ፣ ድምፁን ዘግተን አየንዎት፤ የጎደለብን ነገር የለም።