ስለ አራት ሰዓቱ ዓሣና ስለ በሰበሰው ሐረግ

ለክቡር የወንዝ ዳር መስህቦች ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር
ኪሳንጋኒ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩ ባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና ለአዲሱ መኪናዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። የወንዙ ነፋስ እንዳይመታዎ መስኮቱ ተዘግቶ በሚውለው ቢሮዎ ውስጥ ይህ ደብዳቤ በሰላም እንደሚያገኝዎት ተስፋ አደርጋለሁ። በግልጽ የጻፍሁትም ክቡርነትዎን ለመድፈር አይደለም። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ደብዳቤዎች በመንገድ ላይ ሳይደክማቸው አልቀረም፤ እስካሁን አንዱም አልደረሰምና አደባባዩ ያድርስልኝ ብዬ ነው።

እኔ ምዋጁማ እባላለሁ፤ ከፏፏቴው ዳር ዓሣ በጭስ እያደረቅሁ የምሸጥ ሴት ነኝ። ፊቴን ባያውቁትም ጭሴን ያውቁታል። አምና «የጎብኚዎችን ፎቶግራፍ ያደበዝዛል» ተብሎ ከነምድጃዬ ወደ ጥጉ የተባረርሁት በእርስዎ ፊርማ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቦታው «የአካባቢውን ትክክለኛ ሽታ አጣ» ተብሎ እንድመለስ የታዘዝሁት በዚያው ፊርማ ነው። አንድን ምድጃ ሁለት ጊዜ ለማስተዳደር የወሰደብዎትን ድካም ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ጽሕፈት ቤትዎ ከመከፈቱ በፊት እኛ የፏፏቴው ዳር ሰዎች፣ ዋጌንያዎች፣ ዓሣ የምናጠምደው ለመብላት ብቻ እየመሰለን በጨለማ ስንኖር ነበር። አያቶቻችን ድንጋዩ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ምሰሶ እየተከሉ፣ ምሰሶውን በሐረግ እያሰሩ ርብራብ እየሠሩ፣ ሰው የሚያህል ቅርጫት ፏፏቴው ውስጥ ሲሰቅሉ ትርኢት እያሳዩ መሆናቸውን የነገራቸው አልነበረም። ዛሬ እድሜ ለእርስዎ አውቀናል። ስላሳወቁን እያመሰገንሁ፣ ትንንሽ ቅሬታዎቼን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ዓሣው ሰዓት።

ጽሕፈት ቤትዎ ባወጣው መርሐ ግብር መሠረት ቅርጫቶቹ ከውኃ የሚወጡት ጎብኚዎች ቁርሳቸውን በልተው፣ ቶሌካ በምንለው የኪራይ ብስክሌት ተፈናጠው ገበያውን ዞረው ሲያበቁ፣ ማለትም ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እንዲሆን ተወስኗል። ውሳኔው ለእኛ በወቅቱ ደርሶናል። ለዓሦቹ ግን የደረሳቸው አይመስለኝም፤ እነሱ እንደ ድሮው ገና ጎሕ ሲቀድ ይገባሉ። በዚያ ሰዓት እንዳናወጣቸውም ተከልክለናል፤ ቆይተው የሚጠብቁን ደግሞ የዋሆቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ አራት ሰዓት ላይ ወንድሜ አሱማኒ ርብራቡ ላይ ወጥቶ፣ ጡንቻው እየተወጣጠረ፣ ሕዝብ እያየ፣ ባዶ ቅርጫት ሲያወጣ ሰነበተ።

ይህን ጉድለት የሞላው አስጎብኚዎ ክሪስፒን ነው፤ ብልህ ልጅ ነው፣ እድገት ይገባዋል። አንድ ማለዳ ከከተማ በረዶ ቤት የባሕር ዓሣ ገዝቶ መጣና ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠው። ከባሕር ተነሥቶ በመርከብ ስንት አገር አቋርጦ የመጣው ዓሣ ከወንዛችን ሲወጣ እኔም በዓይኔ አየሁ። ጎብኚዎቹ ፎቶ አነሡ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት ግን፣ ኋላ እንደሰማሁት በአገራቸው ወደብ ዳር እድሜ ልካቸውን ዓሣ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፣ ዓሣውን ተቀብለው ገለበጡት፤ አፉን በጣታቸው ከፍተው አዩ፤ ከውስጡም ቁራጭ በረዶ አወጡ። «ወንዛችሁ እንዲህ ይቀዘቅዛል?» ብለው ጠየቁ። ክሪስፒን ዓይኑን ሳያሽ፣ ከታች ጥልቁ ጋ በጣም ይቀዘቅዛል ብሎ መለሰላቸው። ሴትዮዋ እኔን አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው፤ ሁለታችንም የዓሣ ነጋዴዎች ነንና ተግባባን። በሕይወቴ ያፈርሁበትን ቀን ቢጠይቁኝ ያንን ቀን እነግርዎታለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ጫካው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ጫካ፣ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንበላውን አባጨጓሬ የምንለቅምበትና ሐረግ የምንቆርጥበት ጫካ፣ «የጎብኚዎች የእግር መንገድ» ተብሎ መከበሩን በታላቅ ደስታ ተቀብለናል። እያንዳንዱ ዛፍ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ አግኝቷል፤ ከጎረቤቶቼ መካከል መታወቂያ የሌላቸው ስላሉ ዛፎቹን እንኳን ደስ አላችሁ ብለናቸዋል። በመርሐ ግብሩ ላይ «የማይረሳ የማምሻ የዱር ድምፅ» ተብሎ የተጻፈው የጎረቤታችን የፓፓ ሙሳ ጀነሬተር መሆኑንም ለማንም አልተናገርንም። እንግዳ ማክበር እናውቃለን።

የቸገረን ሐረጉ ነው። ከጫካው አንድም ሐረግ እንዳይቆረጥ አዘዙ፤ የጫካው ውበት ነውና መልካም። እኛም ምሰሶዎቻችንን በናይሎን ገመድ ማሰር ጀመርን። ወዲያው ሁለተኛ ትእዛዝ መጣ፤ ናይሎን የአባቶቻችንን ጥበብ ስለሚያበላሽ ማንኛውም ርብራብ በጫካ ሐረግ ብቻ እንዲታሰር የሚል። ክሪስፒንም ቢላ ይዞ እየዞረ ናይሎኑን ቆረጠው። እንግዲህ ክቡርነትዎ በግራ እጅዎ ሐረጉን፣ በቀኝ እጅዎ ገመዱን ከለከሉን ማለት ነው። በሁለቱም እጅ እኩል የሚጽፍ ሹም በማግኘታችን እድለኞች ነን። የወንድሜ ርብራብ ግን በአምናው ሐረግ ብቻ እንደታሰረ ቀረ። የዓመት ሐረግ ውኃ ሲረጨው ከርሞ ምን እንደሚሆን ለማየት ቢፈልጉ፣ በጣትዎ ጫን ቢያደርጉት ይበቃል፤ እንደ በሰለ ካሳቫ ይፈርሳል።

ይህንኑ ዓመት ሙሉ ሳመለክት ከርሜ፣ በመጨረሻ ቢሮዎ ደጅ ተቀምጬ ዋልሁ፤ ጸሐፊዎ መልካም ሴት ናት፣ ወንበር ሰጠችኝ። በማግስቱ መኪናዎ ወደ ፏፏቴው መጣ፤ ከውስጥ ሆነው አይተው ተመለሱ። መልሱም በማኅተም ደረሰን፤ «ነባሩ ማሰሪያ በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ከእርጅናው የተነሣም ለዓይን ይማርካል።» ከመኪና ሳይወርዱ የሐረግ ጥንካሬ ለመለካት የቻለ ዓይን ስለሰጠዎት ፈጣሪን አመሰገንሁ።

ሦስተኛ።

ክቡር ሆይ፣ ለዚህኛው ምን ርዕስ እንደምሰጠው አላውቅም።

ባለፈው ሐሙስ አሱማኒ እንደ መርሐ ግብሩ አራት ሰዓት ላይ ወጣ። ቅርጫቱን ሲስብ የላይኛው ማሰሪያ ተበጠሰ። የቆመበት እንጨት ከሥሩ ተንሸራቶ ወደ ፏፏቴው ገባ፤ ወንድሜም በአንድ እጁ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወንዙ ከሥሩ ሲያጓራ ስሙን ጠራሁ፤ ድምፄን እኔው ራሴ አልሰማሁትም። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። አልቀየምኋቸውም፤ የመጡት ትርኢት ለማየት ነው፣ ያዩትም ትርኢት መስሏቸዋል። አሱማኒ እንደምንም እግሩን ምሰሶው ላይ ጠምጥሞ ወረደ። ብብቱ ሥር ቆዳው ተልጦ ነበር፤ የሰጠሁትን ውኃ እንኳ ይዞ መጠጣት አልቻለም።

ክሪስፒን እየሮጠ መጣ። ደንግጦ መስሎኝ ነበር። «አሱማኒ፣ እጅግ ግሩም ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ለሚመጡትም ትደግምላቸዋለህ?» አለው።

ክሪስፒንን አልወቅስም፤ ለልጁ እንጀራው ነው። የገረመኝ የእርስዎ ፍጥነት ነው። ናይሎን እንዲፈቀድ ስንለምን ዓመት የፈጀው ጽሕፈት ቤት፣ ሰኞ ጠዋት አዲስ መርሐ ግብር አትሞ በየሆቴሉ በትኖ አገኘሁት። «ተንጠልጣዩ አጥማጅ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ በየቀኑ በአራት ሰዓት» ይላል። ቅዳሜም ከዋና ከተማ የሚመጡ ታላላቅ እንግዶች ይህንኑ እንዲመለከቱ ተጋብዘዋል። ከሥሩም በትንሽ ፊደል፣ በጉብኝት ሰዓት የማይወጣ አጥማጅ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ተጽፏል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል፤ ውኃውን ስንፈራ ኖረን የሚያሳስቀውን ጽሕፈት ቤት ሳናየው ቀረን።

ወንድሜን አትውጣ ብዬ ለመንሁት። ግትር ነው፤ በአባታችን ወጥቷል። «ያያ፣ እኅቴ፣ እኔ ካልወጣሁ ሌላ ሰው ይወጣበታል። የአባባን ቀዳዳዎች በሕይወት እያለሁ ለሰው አልሰጥም» አለኝ። እነዚያ የድንጋይ ቀዳዳዎች ለእርስዎ የፎቶግራፍ ጌጥ ናቸው፤ ለእኛ ግን ርስት ናቸው፤ አባታችንን ያበሉት፣ እኛንም ያሳደጉት እነሱ ናቸው። ቅዳሜ ስለሚያጣው ርስት እያሰበ በዚያ በሰበሰ ሐረግ ላይ እንደሚወጣ ገባኝ። እኔም ከእርሱ ሌላ ወንድም የለኝም። ይህን በአሽሙር ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ፈርቻለሁ።

ስለዚህ ወደ ሽማግሌዎቻችን ሄድሁ።

ክቡርነትዎ በመርሐ ግብርዎ ላይ ስለ ባህላችን ብዙ ጽፈዋል፤ አንዱን ብቻ ረስተውታል። በእኛ ዘንድ ርብራብ ሲታሰር መጀመሪያ የሚወጣበት ያሰረው ሰው ነው። ብቻውን ይወጣል፤ ይንጠለጠልበታል፤ ይወዘውዘዋል። እርሱ ወርዶ ዳር ላይ ካልተቀመጠ በቀር ሌላ ሰው እግሩን አያነሣም፤ ያነሣ እንደሆነ ያሰረውን ሰው ሰደበ ማለት ነው። አባታችን ሲያስር እናታችን ምጣዷን ከእሳት አውርዳ፣ እርሱ እስኪወርድ ድረስ ድንጋዩ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ማንም በሌላው ሰው ቋጠሮ ላይ በግዴታ የወጣ የለም።

ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አዳመጡኝ። በመጨረሻ ከሁሉም ታላቅ የሆኑት ፓፓ ኢሴንጌ ጠየቁኝ፤

«አሁን ያለውን ማሰሪያ በቂ ነው ያለው ማነው?»

ትእዛዝ ነው አልኋቸው።

«ትእዛዝ እጅ የለውም፤ የፈረመበት ሰውዬ ግን እጅ አለው። ያሰረው እሱ ነው። መጀመሪያ እሱ ይውጣ» አሉ።

ጉዳዩ በዚሁ ተቆረጠ። ከእንግዲህ እርስዎ ወጥተው እስኪወርዱ ድረስ አሱማኒ በዚያ ርብራብ ላይ መውጣት አይችልም፤ ሌላም የዋጌንያ ልጅ አይወጣበትም፤ ቦታውንም ማንም አይቀበልዎትም። ወንድሜ ሲነገረው ሳቀ፤ ከሐሙስ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። በእኔ ልመና ያልተፈታው ግትርነቱ ለባህሉ ተፈታ፤ ባህላችንን እንድንጠብቅ አጥብቀው ያሳሰቡን ክቡርነትዎ ስለሆኑ ለወንድሜ ሕይወት የማመሰግነው እርስዎን ነው።

የቅዳሜውን እንግዶች አናሳፍራቸውም። ለሚያርፉበት ሆቴል መልእክት በእጄ አድርሻለሁ፤ አራት ሰዓት ላይ የሚንጠለጠሉት ራሳቸው ዋና ዳይሬክተሩ መሆናቸውን፣ ይህም ለሕዝባችን ባህል ካላቸው ታላቅ አክብሮት የተነሣ መሆኑን በትሕትና ገልጫለሁ። የሆቴሉ ሰዎች እንግዶቹ እጅግ ተደስተዋል ብለውኛል፤ ከፊት ረድፍ ወንበር እንዲያዝላቸውም ጠይቀዋል።

ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ፣ ጠንካራ ክንድና የማይላላ ጣት ይስጥዎ። ጭሴን በአንድ ፊርማ አርቀው በሌላ ፊርማ ያቀረቡ፣ ዓሣን ሰዓት ያስተማሩ፣ ሐረግን ከመኪና ውስጥ የሚመረምሩ ታላቅ ሰው ሆይ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ በአክብሮት እጅ እየነሣሁ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥና አድናቂ፣
ምዋጁማ፣ የአሱማኒ እኅት
ከፏፏቴው ዳር

ማሳሰቢያ፦ መውጣቱ የማይመችዎ ከሆነ አዲስ የናይሎን ገመድ ምድጃዬ አጠገብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ «ይታሰር» የምትል አንዲት ቃል በክሪስፒን እጅ ቢልኩ ሰዎቻችን ከአራት ሰዓቱ በፊት ይጨርሱታል። ከወጡ ግን አይሥጉ፤ ቅዳሜ ታንኳዎቻችንን ሁሉ ከርብራቡ ሥር አሰልፈን ቢወድቁም እንቀበልዎታለን ብለው ቀዛፊዎቹ ምለውልኛል። ሐሙስ ዕለት ወንድሜ ሲንጠለጠል ከሥሩ አንድም ታንኳ አልነበረም፤ ጎብኚ እንዲያዞሩ ጽሕፈት ቤትዎ ሁሉንም ወስዷቸው ነበር።