ገጽ አርባ አንድና ገጽ ሃምሳ ስምንት

አሰላ፣ እሑድ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ዮፍታሔ፣

አእምሮዬ አልተነካም። መንገድ ዳር ወንበር አውጥታ ባጃጅ ስትቆጥር ትውላለች መባሉም ልክ አይደለም። የቆጠርኩት አምስት ቀን ብቻ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት፣ በየደቂቃው። ምክንያቱም አንተ ነህ።

ከስዊድን የላክህላትን የዶክትሬት ጽሑፍ እናትህ ከናኢማ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማ አመጣችልኝ። ምስጋናው ላይ ስሜን አግኝታ ኖሮ ገና በሩ ላይ ሆና፣ «ይኸው ቲቸር፣ ስምዎ ስዊድን ገባ!» አለችኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ መነጽሬን አድርጌ እርሳስ ያዝኩ። እርሳስ ሳልይዝ አንብቤ አላውቅም።

የገባኝን ልንገርህ፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። በዓይን በማይታይ ጠባብ መሣሪያ ውስጥ ኤሌክትሮኖች አንድ በአንድ ያልፋሉ። በእኩል ጊዜ ያለፉትን ስትቆጥር ቁጥሩ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። አማካዩ ምን ያህል እንዳለፉ ይነግርሃል። መዋዠቁ ደግሞ እንዴት እንዳለፉ ይናገራል፤ እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ ነው የመጣው ወይስ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ? አምስት ዓመት የደከምከው ለዚሁ መዋዠቅ ነው።

ገጽ 41 ላይ የአንዱ መሣሪያ ልኬት አለ። ገጽ 58 ላይ የሌላው፣ በሌላ ወር የተለካ። ሁለቱን ወረቀቶች ደርቤ መስኮቱ ላይ ያዝኳቸው። ስልሳ ነጥብ ነው፤ ስልሳውም ገጠመ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ሁለት ልኬት እንዲህ ሊገጥም ይችል እንደሆነ ለማየት ነው የቆጠርኩት። ለውሃ ቧንቧ ተብሎ መንገዱ ተቆፍሮ አንድ ባጃጅ ብቻ የሚያሳልፍ ቦታ ቀርቷል፤ እዚያ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ቀን እንደሻው የሚባል ሹፌር አጠገቤ አቆመ።

«ቲቸር፣ ለማን ነው የሚቆጥሩን? ለትራፊክ ነው?»

«ለኤሌክትሮን ነው።»

«እሱ ደግሞ ምን የሚሉት መሥሪያ ቤት ነው? አዲስ ነው?»

«አንተ ሳትወለድ የነበረ ነው። እለፍ፣ ደቂቃዬን አታበላሽብኝ።»

በማግስቱ ሹፌሮቹ ተነጋግረው በጓሮ መንገድ ዞሩ። የዚያን ቀን ቁጥር ሰረዝኩት፤ የሰረዝኩበትንም ምክንያት ከጎኑ ጻፍኩ። የቀሩት አራት ቀናት አማካያቸው ተቀራራቢ ነው። ከፍ ዝቅ ማለታቸው ግን የአንዱ ከሌላው ጋር አልገጠመም።

ደወልኩልህ። ስለ ቆጠራዬም፣ ስለ ሁለቱ ገጾችም ነገርኩህ። አንተም፣ «ፋይል ተቀላቅሎ ይሆናል ቲቸር፣ አየዋለሁ» አልከኝ። ትንፋሽ ሳትወስድ ደግሞ፣ «ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይተኛሉ?» አልክ።

በደወልኩልህ በሦስተኛው ቀን እናትህ ሐኪም ቤት ልትወስደኝ መጣች።

«ማን ነው ታማለች ያለሽ?»

«ዮፍታሔ ነዋ! ባጃጅ ይቆጥራሉ፣ የሚሉትን ሁሉ አትስሚ፣ ብቻ አሳክሚያቸው አለኝ።»

ፋይል የተቀላቀለበት ሰው ፋይሉን ይፈልጋል እንጂ የጠየቀውን ሰው አያሳብድም። ጥርጣሬዬ ሥር የሰደደው ያን ዕለት ነው። ብሳሳት ደስ ይለኛል። የምሳሳት ግን አይመስለኝም።

ይህን ብቻ ጽፌ ባቆም እኔም እንዳንተ መሆኔ ነው። ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ፣ እናንተ አሥራ አንደኛ ክፍል እያላችሁ፣ ቮልቴጅና ከረንት ለክታችሁ ግራፍ እንድትሠሩ አዝዤ ነበር። የክፍል ጓደኛህ የፅዮን ነጥቦች ከመስመሩ በላይም በታችም ተበተኑ። በቀይ እስክርቢቶ «ዝርክርክ» ብዬ ከአሥር ስድስት ሰጠኋት። ያንተ ነጥቦች አንድ ሳይቀር መስመሩ ላይ ነበሩ። አሥር ከአሥር ሰጥቼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። የከረንት መለኪያው መርፌ እንደሚንቀጠቀጥ አውቅ ነበር። በዚያ መርፌ እንዲህ ያለ ንጹሕ መስመር እንደማይወጣም አውቅ ነበር። ንጽሕናው ደስ ስላለኝ አልጠየቅሁህም። እኔን ያስተማሩኝ መምህራን በመስመሪያ ጠርዝ ጣታችንን እየመቱ ንጹሕ ሥራ ይጠይቁን ነበር፤ እኔም ያንኑ ጠየቅኋችሁ። እውነቱ የነበረው በፅዮን ወረቀት ላይ ነው።

ያንጊዜ ልጅ ነበርክ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ሠላሳ ዓመት አልፎሃል፤ የአሁኑ ያንተ ነው። ሐሙስ ፈታኞች ፊት ትቆማለህ። ሁለተኛውን መሣሪያ ካልለካኸው፣ አልለካሁትም በል። ዲግሪው አንድ ዓመት ቢዘገይ እናትህ ታለቅሳለች፤ ታልፈዋለች። በዚያ ገጽ ላይ ተማምኖ ዕድሜውን የሚያባክን ሌላ ተማሪ ግን ማን እንዳሳሳተው እንኳ አያውቅም።

ነገ መጀመሪያ የማደርገውን ልንገርህ። ናኢማ ሱቋን ስትከፍት ይህን ደብዳቤ ፎቶ አስነስቼ እልክልሃለሁ፤ ሁለቱንም ገጾች አያይዤ። ከዚያ እናትህ ቤት እሄዳለሁ። ለዲግሪህ የምታሰናዳውን ድግስ ለሌላ ጊዜ እንድታቆየው እነግራታለሁ፤ ለምን ብላ ብትጠይቀኝ ልጅሽን ጠይቂው እላለሁ። ቤቴ ስመለስ ለፕሮፌሰርህ ደብዳቤ እጀምራለሁ፤ ቀኑንና ሰላምታውን ብቻ። እስክርቢቶውን አስቀምጬ እስከ ረቡዕ ቀትር ስልክህን እጠብቃለሁ። ካልደወልክ እጨርሰዋለሁ።

መምህርትህ
የሺሃረግ