ሰንደቁ ቆሟል

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለሀብትነሽ አዛናው፤
ጅግጅጋ።

እንደምን ከርመሻል? ሳልሽስ ለቀቀሽ፣ ወይስ የዚያ አገር አቧራ አሁንም ያስነሣብሻል? ባለቤትሽ ዘርትሁን ደህና ነው? ልጅሽ ሳሌም ትምህርቷን እንዴት ይዛለች? እኛ፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ አለን። እናታችንም ጉልበቷን ከማለት በቀር ደህና ናት። ይህን በስልክ ያልነገርሁሽ በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛ መስመሩ ይቆራረጣል፣ ሁለተኛ ነገሩ በስልክ የሚወራ አይደለም። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የሥራ ባልደረባዬ ፍጹም ነው።

እንደምታውቂው አባባ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ያለውን ትምህርት ቤት መጠበቅ ከጀመሩ ሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሰንደቅ ዓላማውን ጠዋት የሚያወጡት፣ ማታ የሚያወርዱት፣ የመሃሉ ዓርማ በተቀየረ ቁጥርም አሮጌውን አጥፈው አዲሱን የሚረከቡት እሳቸው ናቸው። አጠገባቸው «ባንዲራ» ያለ ሰው «እሱ የጣሊያን ቃል ነው፤ ሰንደቁ እንጨቱ፣ ዓላማው ጨርቁ» ተብሎ ሳይታረም አይሄድም። አንቺ ጫፉን ይዘሽ ስታጥፊ እኔ ስንት ጊዜ እንደታረምሁ አትረሺውም።

መዘዙ የመጣው ከዚሁ እርማት ነው። ተዘግቶ የቆየው ትምህርት ቤት ይከፈት ተብሎ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወላጆች ተሰበሰቡ። ከከተማ የመጣ አንድ ወጣት ኃላፊ ባዶውን ምሰሶ አይቶ «ባንዲራው የት ሄደ?» ሲል ጠየቀ። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡና «ሰንደቁስ እንዳየኸው ቆሟል፣ ልጄ፤ የጠፋን ዓላማው ነው» አሉት። መሪጌታ ገብረ ሕይወት ከኋላ «ወርቁ ተገኘ፤ ሰሙን ፈልጉ!» ብለው አጨበጨቡ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ። ኃላፊው አልሳቀም፤ ጻፈ። በሦስተኛው ቀን አባባ የጽሑፍ ማብራሪያ ይዘው ሰኞ እንዲቀርቡ ወረቀት መጣባቸው። እዚህ ተጠርቶ ሄዶ ቶሎ ያልተመለሰ ሰው አለ፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እኔ ከማስረጃ ጀመርሁ። ጨርቁ በእርግጥም አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶም አባባ ማውጣታቸውን አላቋረጡምና ነሐሴ ላይ ነፋስ ቀዩን ተረተረው፤ ቡሬ ላለው ልብስ ሰፊ ለሀይሉ ላኩት፤ መንገዱ ሲዘጋ እዚያው ቀረ። ዓርብ መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ቡሬ ሄድሁ። ሀይሉ ሰፍቶ ጨርሶታል፤ ሆኖም ቀይ ጨርቅ ስላጣ ከአሮጌ የኳስ ማልያ ቀጥሎበታል። የሰባት ቁጥር ምልክት ይታያል። ሦስቱ ቀለማት በሕግ እኩል መሆን ስላለባቸው ለካኋቸው፤ ቀዩ በሁለት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል።

ቅዳሜ በስማቸው ሁለት ገጽ ማብራሪያ ጻፍሁ። ቀለማቱ ጥንት ለየብቻ የሚውለበለቡ እራፊዎች እንደነበሩ፣ ኋላ እንደተሰፉ፣ ቀዩ ከላይ የነበረበት ጊዜም እንዳለ፣ መሃሉ ላይ አንድ ዘመን አንበሳ፣ ዛሬ በሰማያዊ ክብ ላይ ኮከብ እንደተቀመጠ በቅደም ተከተል አስፍሬ፣ ስለ አንዱም አስተያየት አልሰጠሁም። መደምደሚያው «ዓላማ ስል ጨርቁን ብቻ ማለቴ ነው» ይላል። ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡኝ። ስጨርስ «ሰሙ ብቻ ከቀረማ ጧፍ ነው፤ ወስደህ ለማርያም ስጥልኝ» ብለው ሳይፈርሙ ተነሡ። እናታችን ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን ተቆጣሁ፤ በእውነት ማለትዎ ምን ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። «መምህሩ አንተ፤ በሁለት ገጽ ያላገኘኸውን እኔ በአንድ መስመር ምን ላድርግልህ?» አሉኝ።

ሰኞ አብሬያቸው ሄድሁ፤ ወረቀቱ በኪሴ፣ ጨርቁ በክንዳቸው። ኃላፊው ያን ቀን ምን ለማለት እንደፈለጉ ሲጠይቃቸው ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና «ጨርቁ ይኸው ተገኘ። የቀረውን አብረን እንፈልገው» አሉት። የማልያውን ቁጥር በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «መምህር፣ በጽሑፍ የያዛችሁት አለ?» አለ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። «የለም፤ እሳቸው ያሉት ይበቃል» አልሁ። ለምን እንዳልሁት እስካሁን በቅጡ ማስረዳት አልችልም። «በሉ ያውጡት» ብሎ አሰናበተን፤ ጉዳዩ ተዘጋ ግን አላለም።

እኔን ዕረፍት የነሣኝ ይህ ያልተባለው ነው። በየማለዳው ክፍል ከመግባቴ በፊት፣ በአባባ ትምህርት ቤት ደጅ አልፎ ከማንኩሳ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመጣውን ሚኒባስ ሾፌር አስቆማለሁ። «ተሰቀለ?» የሚለው ቃል ስለሚከብደኝ «ወጣ?» እላለሁ። «ወጥቷል» ካለኝ አባባ ቤታቸው ናቸው። መኪናው ሳይመጣ የቀረ ዕለት ምን እንደማስተምር አላውቀውም። አንቺም ስትደውዪ ስለ ሌላው አትጠይቂኝ፤ «ወጣ?» በዪኝ፤ እመልስልሻለሁ።

አባባ፣ ጫፉን የሚይዝላቸው ጠፍቶ ለብቻቸው እንደሚያጥፉ ንገራት ብለውኛል። እናታችን ንግሥቴ ጉንጭሽን ትስማለች። ባለቤቴ ያምሮት ለሳሌም የጠለፈችላትን መሐረብ ፍጹም ይዞላታል። ለዘርትሁን አክብሮታዊ ሰላምታዬ ይድረሰው።

ወንድምሽ ደረሰ አዛናው
ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.