ማህተሙ ያንተ ሻንጣ ውስጥ ነው

እንጅባራ፣ ሰኔ 15 ቀን 2007 ዓ.ም.

ውድ ምንይችል፣

እንደምን ሰነበትክ ልል ነበር፤ ግን ደህና መሆንህን ደብዳቤህ ይናገራል። "ሶስዬ፣ የኪነት ማዕከላችንን ታሪክ በሦስት ገጽ ጻፊልኝ። ለአዲስ ሥራ ላመለክት ነው። መሥራችና ሰብሳቢ መሆኔ በደንብ ይጠቀስ። ማህተም አድርጊበትና ቶሎ ላኪው" ትላለህ። የመጨረሻውን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንተ ሰውዬ፣ ማህተሙ እኮ አንተ ጋ ነው። ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በፊት "ሁለት ሳምንት ባሕር ዳር ቆይቼ እመጣለሁ" ብለህ ስትወጣ በዚያ ቡናማ ሻንጣህ ይዘኸው ሄደሃል። ይህንንም ረስተኸዋል።

ታሪክ ካልክ ታሪኩ ይኸውልህ። በ2003 ዓ.ም. አምስት ሆነን ባዶውን የእህል መጋዘን ለምነን ተረከብን። አይጡን ያባረርነው እኔና አንተ ነን። መድረኩን በቀርከሃ ሠራነው። መጋረጃውን ጋሽ ከቢር ከጨርቅ ሱቃቸው ከጣቃ ላይ ቀደው ሰጡን፤ "ዋጋ እንዳትጠይቁኝ፣ የፊት ወንበር ብቻ ያዙልኝ" ነበር ያሉት። ደመወዝ የሚባል ነገር አናውቅም። እኔ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ስወጣ መጋዘን። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ አንዳችን ሌላችንን አንሰማም ነበርና በእጅ ምልክት ነበር የምንለማመደው። እንኳን ተመልካች እኛም ምን እንደምንባባል አናውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ቲያትር በገበያ ቀን ስናሳይ ትዝ ይልሃል? የወሰን ክርክር ነበር፣ አንተ ዳኛ ነህ፣ ሁሉም በአማርኛ። ገበያተኛው ዝም ብሎ ያይሃል። ፍርዱን ስትሰጥ እማማ ሽታዬ የሚሸጡትን የቀርከሃ ቅርጫት አስቀምጠው ተነሱና "ይሄ ፍርድ ነው?" ብለው በገዛ ቋንቋቸው በአዊኛ ወረዱብህ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ዳኛዋ እሳቸው ሆኑ፤ አንተ ተከሳሽ። ከዚያ ወዲህ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ከዚያ ሄድክ። ስደውል "በሚቀጥለው ሳምንት" ትላለህ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስደውል "ኔትወርክ አስቸገረኝ"። ባሕር ዳር እኮ ምንይችል። ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። የኛ ድንች እንኳን ጠዋት ተጭኖ ለምሳ ይደርሳል።

አሁን የደረሰብንን ስማ። ቤቱን የሰጠን መሥሪያ ቤት ግንቦት ላይ ጻፈልን። እስከ ሰኔ 30 በሰብሳቢው ፊርማና በማህተማችን የተረጋገጠ የውል ማደሻ ካላስገባን መጋዘኑ ለሌላ ይሰጣል። ማህተም የሌለው ወረቀት ይዤ ሄድኩ፤ ጸሐፊዋ በትሕትና መለሰችልኝ። በቀን መቶ ማህተም ያለበት ወረቀት ኮፒ አደርጋለሁ፣ የራሳችንን አንዱን ማሳረፍ አቃተኝ። አንተ ጋ ደወልኩ፣ ስልክህ ጥሪ አይቀበልም። አዲስ እናስቀርጽ ስንል አሮጌው ጠፍቷል ብሎ ማመልከት ያስፈልጋል ተባለ። ጋሽ ከቢር ራሳቸውን ነቀነቁ። "ያለበት የሚታወቅ ዕቃ ጠፋ አይባልም። ጠፋ ካልን ልጁን ሌባ አደረግነው" አሉ። ሁሉም እውነት ነው አለ። እኔም እውነት ነው አልኩ። ይሉኝታችን ቤት አልባ ሊያደርገን ነው።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ ሰብሳቢ እንመርጣለን፣ ታውቃለህ። በሌለህበት ሁለት ጊዜ መረጥንህ። ሰውን በሌለበት ማውረድ ነውር ነው ተባለ። ለዚህ ግን አንተን ልወቅስ አልችልም። ሁለቱንም ጊዜ ቀድሞ እጁን አውጥቶ ስምህን የጠራው ማን መሰለህ? እኔ ነኝ። ማህተሙን ላክ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄህ የማላውቀውም ለዚሁ ነው። ስምህ እዚህ እስካለ፣ ማህተሙም አንተ ጋ እስካለ፣ የምትመጣበት ምክንያት አለህ ብዬ ነበር። እወድህ ነበር። አይጥ ከምናባርርበት ጊዜ ጀምሮ። ታውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ አላውቅም ነበር ካልክም አሁን ለውጥ የለውም። በራሴ ቂልነት ግን በጣም ተናድጃለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ቤት ሙሉ ሰው ከኔ ጋር አስጠብቄያለሁ።

ትናንት እሑድ ተሰበሰብን። ጋሽ ከቢር "ዕጩ ጠቁሙ" ሲሉ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። እጄን ላነሳ ስል እማማ ሽታዬ ያዙኝ።

"ቆይ አንቺ ልጅ። ይሄ ልጅ ይመጣል ወይስ አይመጣም? ካንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም።"

ደብዳቤህ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ማህተሙ የት እንዳለ እንኳን የረሳ ሰው፣ ሰዎቹን አስታውሶ ይመጣል ማለት አልቻልኩም።

"አይመጣም" አልኩ።

ጋሽ ከቢር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እማማ ሽታዬ እጄን ሳይለቁ "እንግዲያው ሶስና ትሁን" አሉ፤ እጅ ሁሉ ወጣ። አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ይሁን ከፍቶኝ አልለየሁትም።

ስለዚህ ማህተሙን ጠቅልለህ ለሚኒባስ ሹፌር ስጥ። የታርጋ ቁጥሩን በመልእክት ጻፍልኝ፣ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላለሁ። ከዓርብ እንዳያልፍ። ራስህ ይዘኸው ና አላልኩህም፤ ና ማለቱንማ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስልህ ኖሬያለሁ፣ ይበቃል።

የጠየቅከው ታሪክ ተጽፎ አልቋል፣ ሦስት ገጽ ነው። መሥራችነትህን አልካድኩም፣ አይጡንም ጽፌልሃለሁ። ከስምህ ሥር "የቀድሞ ሰብሳቢ" ይላል። ማህተሙ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የመጋዘኑ ውል ላይ ይመታል፣ ቀጥሎ ያንተ ታሪክ ላይ። ያኔ እልክልሃለሁ። ሥራውን እንድታገኝ ከልቤ እመኛለሁ።

በል ደህና ሁን።

ሶስና አድማሴ
የማዕከሉ ሰብሳቢ

(የማህተም ቦታ)