በመኪናውና በተሳቢው መካከል

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ ለወይዘሮ ተናኜ፣

እንዴት ነሽ እማዬ? እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽን የሚቆረጥምሽ ነገር በዚህ ብርድ አልባሰብሽም? የግፊት መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ ትውጫለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሻል ሲልሽ መሳቢያ ውስጥ ትተዪዋለሽ? እቴቴ ምንትዋብስ እንዴት ናት? ዓይኗን ደሴ ሄዳ ታየች? ሮዳስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ሐይቅ ዘንድሮ ብርዱ እንደበረታ ሰው ሲያወራ ሰምቼ፣ አንቺ ምን ለብሰሽ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ሰነበትኩ። የላክሁልሽን ሹራብ ለሰው እንዳትሰጪው አደራ።

እኔ ደህና ነኝ። ቦሌ ለሚ ያው የስፌቱ መስመር ላይ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ መቆም እግሬን ያሳብጠዋል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ ልዘጋው ነበር፤ ዛሬ ግን እንደዚያ ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

በየሳምንቱ እየተደዋወልን ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። እውነቱን ልንገርሽ። ስልክ ላይ የአባባን ስም ባነሣሁ ቁጥር «ቆይ እቴቴን ላገናኝሽ» ትዪኛለሽ። አልቀየምሽም፤ ሆድሽ ያለውን አውቃለሁ። ግን ይህን ነገር መስማት ያለብሽ አንቺ ነሽ። ስለዚህ ከላምበረት ወደ ደሴ ለሚወጣ አውቶቡስ ሹፌር ሰጥቼልሻለሁ። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው፤ ሮዳስ እንዳታነብልሽ።

አባባ ከዚያ ቀን ወዲያ መሪ እንዳልጨበጡ ታውቂያለሽ። እዚሁ አያት የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ ናቸው። የእረፍታቸው ቀን ላምበረት ኃይለሚካኤል ጋራዥ ሄደው ብየዳ ያግዛሉ ያልኩሽ ግን ግማሹን ብቻ ነው። ኃይለሚካኤልን አትረሺውም፤ ለወንድሜ ለአምላኩ ለቅሶ ድንኳኑ ሲተከል ቋሚውን ተሸክሞ የመጣው በያጁ ነው። እሱ ጋ ሦስት ዓመት ሙሉ አባባ የራሳቸውን ነገር ሲሠሩ ነበር። ሰው መሃል ሳይገባ ተሳቢን ከመኪና የሚያገናኝ ብረት።

አምላኩ እንደሞተ እንጂ ምን እየሠራ እንደሞተ ማንም ቁጭ አድርጎ ያስረዳሽ አይመስለኝም። እኔም የገባኝ ከዚህ ብረት የተነሣ ነው። ተሳቢ ሲቀጠል ሹፌሩ መኪናውን ቀስ እያለ ወደ ኋላ ያመጣል። ረዳቱ በመኪናውና በተሳቢው መካከል ይቆምና የተሳቢውን መጎተቻ ዘንግ በእጁ ያነሣል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ቀለበት አለ፤ መኪናው ኋላ ላይ ደግሞ ቀለበቱን የሚቀበል አፍ አለ። ሁለቱ ሲገጥሙ ረዳቱ ከላይ ፒን ይጥልና ይወጣል። ይኸው ነው። ወንድሜ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያደርገው የኖረ ሥራ ነው። ያን ቀን ቦታው ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ነበር፤ መኪናው ከታሰበው አንድ ክንድ በለጠ። አንድ ክንድ ብቻ እማዬ። መሪው ላይ የነበሩት አባባ ናቸው።

የአርባው ማግስት ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ አባባ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ሂጂም ቅሪም አላሉሽም። ያን ጊዜ ልባቸው የደነደነ መስሎኝ እኔም ጠልቻቸው ነበር። ቆይቶ፣ አንድ እሑድ ምሳ ላደርስላቸው ጋራዡ ስሄድ ነው ነገሩን ያየሁት። መሬት ላይ ተንበርክከው በካርቶን የተሠራ ትልቅ አፍ የመሰለ ነገር በመቀስ ይቆርጣሉ። ምንድን ነው ስላቸው «ሰው የማይበላ ነው» አሉኝ። 

ከካርቶን ወደ ላሜራ፣ ከላሜራ ወደ ወፍራም ብረት ተሻገሩ። አፉ ሰፊ ነው፤ ዘንጉ ትንሽ ቢጣመም እንኳ እየመራ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ዘንጉን ደግሞ ሰው እንዳይዘው ከታች ስፕሪንግ ይደግፈዋል። ቀለበቱ ገብቶ ጀርባውን ሲነካ ፒኑ ራሱ ይወድቃል፤ ፒኑ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ አንዲት ቀይ ምልክት በጎን ትነሣለች፤ ሹፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ በመስታወት ያያታል። እንዲህ በሁለት መስመር ልጻፈው እንጂ ስንት ጊዜ አልሆን ብሏቸዋል! መጀመሪያ ፒኑ ቀለበቱ ሳይደርስ እየወደቀ አስቸገራቸው። ቀጥሎ ጭቃ ሲገባበት እየነከሰ አልወርድ ይል ጀመር። አንድ ክረምት ሙሉ ሆን ብለው ጭቃ እየመረጉበት ሲሞክሩት ከረሙ። ኃይለሚካኤል «ጋሽ ገረመው፣ ለሰው ልጅ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቁም» ብሎ ሊቀልድ ሲል በመሃል አፉን ያዘ። አባባ ቀና ብለው አላዩትም።

ያለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሠራ። ሃያ ጊዜ ቀጥለው ሃያ ጊዜ ፈቱት፤ አንድም ሰው መሃል አልገባም። ያን ዕለት አባባ ፊታቸውን ታጥበው ሻይ ሲጠጡ አየሁ፤ ትከሻቸው ወረድ ብሎ ነበር። ሰው ሁሉ አስመዝግቡት አለን። እኔ ማመልከቻውን ጻፍኩ፤ እሳቸው በደብተር ላይ የሣሉትን በማስመሪያ ገለበጥኩ። የፈጠራው ስም በሚለው ቦታ ላይ ምን ልጻፍ ስላቸው «ተሳቢ መቀጠያ በይው» አሉኝ። የአምላኩን ስም ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ስሙን ግን እንኳን ሊያጽፉት፣ ከሞተ ጀምሮ ጠርተውት አያውቁም ነበር።

መስከረም ላይ ፈጠራ ከሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ተደወለ። ፈቃድ ጠይቄ አብሬያቸው ሄድኩ። አባባ ለሠርግ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ ብረቱን ትንሽ አድርገው የሠሩትን ናሙና በፌስታል ይዘው ነበር። የተቀበለን መርማሪ ጸጋአብ የሚባል ወጣት ነው። ክፉ ልጅ አይደለም እማዬ፤ ወንበር አቅርቦ፣ ውኃ አምጥቶ፣ ናሙናውን እያገላበጠ «እጅዎ ይባረክ» አላቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረው።

«አባቴ፣ ችግሩ ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው» አለ። «በውጭ አገር ቀደም ብሎ ተመዝግቧል። ይኸው፣ ተመልከቱት።»

ሥዕሉ ላይ አባባ የሠሩት አፍና ፒን፣ ምልክቷ እንኳ ሳትቀር ነበረች፤ ቦታዋ ብቻ ይለያል። እኔ መጀመሪያ የታሰበኝ ሦስት ዓመት ድካማቸው ነው። ጸጋአብም እንደዚያው መስሎት ሊያጽናናቸው ጀመረ፤ መብቱ ጊዜው አልፏል፣ እናንተም ብትሠሩት ማንም አይከለክላችሁም፣ ማስመዝገብ ብቻ ነው የማይቻለው አላቸው። አባባ የሚሰሙት አይመስሉም። ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አድርገው «ይህ መቼ የተሠራ ነው?» አሉት።

«ኧረ ብዙ ዘመኑ ነው። እኔም ልጅዎም ሳንወለድ።»

«ሰኔ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ላይ ነበረ?»

ልጁ ግራ ገባውና እኔን አየኝ። አምላኩ የሞተበት ወር መሆኑን እሱ ከየት ያውቃል። «አዎ አባቴ፣ ነበረ» አለ።

አባባ አመስግነውት ተነሡ። ናሙናውን ጠረጴዛው ላይ ረስተውት ወጡ፤ እኔ ተመልሼ አመጣሁት። ታክሲ እንያዝ ብላቸው አልሰሙኝም። ከቦሌ እስከ መገናኛ በእግራቸው ሄዱ፤ እኔ ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው። መገናኛ ድልድዩ ሥር ሲደርሱ ያ ሁሉ ሰው እየተጋፋ በሚያልፍበት መሃል ቆሙና «በዓለም ላይ የሌለ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «ቢኖር ኖሮ ይተርፍ ነበር እያልኩ፣ ግን የለም፣ ማንም አላሰበውም እያልኩ ነበር የምተኛው። ለካ ነበረ።»

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ወደ ጋራዡ አልሄዱም። ሥራ ውለው ይገባሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። የንስሐ አባታችን መጥተው አናገሯቸው፤ አቤት አቤት ብለው ሸኟቸው። በአሥረኛው ቀን ቁርስ አቅርቤ «ሌላም የሆነ ነገር አለ አይደል?» አልኳቸው። ምን እንዳናገረኝ አላውቅም። እንጀራውን ገፋ አደረጉና የነገሩኝን፣ እንዳሉት አድርጌ ልጻፍልሽ።

ያ ነገር ከመድረሱ አንድ ሳምንት በፊት፣ በጅቡቲው መንገድ ሚሌ ላይ ምሳ እየበሉ ሳለ፣ አምላኩ ስልኩን አውጥቶ «አባባ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት፤ ፈረንጆች ተሳቢ ሲቀጥሉ ነው» ይላቸዋል። እሳቸው ሙቀቱ አሰልችቷቸዋል። «ስልክህን ክተትና ብላ። እኔ ረዳት ሳለሁ በእጄ ነው የቀጠልኩት» አሉት። እሱም ሳቀና ከተተው። አልተቀየመም፤ ይህን ደጋግመው ነገሩኝ፣ አልተቀየመም፣ ሳቀ።

እኔ «ምናልባት ሊያሳይዎት የነበረው ሌላ ነገር ይሆናል እኮ አባባ፤ አደጋ ይሆናል፣ ቀልድ ይሆናል» አልኳቸው።

«ሊሆን ይችላል» አሉኝ። «አላየሁማ።»

ስልኩም ያን ቀን ኪሱ ውስጥ እንዳለ ደቅቋል። ስለዚህ ማንም፣ መቼም አያውቀውም። አባባ ግን አንድ ነገር ለመኑኝ። «ለእናትሽ ንገሪያት። ሊያሳየኝ ሲል አላየሁለትም በያት። እስካሁን በምታውቀው ብቻ ከፈረደችብኝ፣ ፍርዱ ጎዶሎ ነው።» ልደብቅሽ ፈልጌ ነበር እማዬ። ሦስት ሳምንት ወረቀት እያወጣሁ ስመልስ ከረምኩ። ቁስልሽን መቆስቆስ ሆኖ ታየኝ። በመጨረሻ ግን የእሳቸውን ቃል እኔ ማስቀረት አልችልም አልኩ።

ይህን ከነገሩኝ በኋላ ተመልሰው ጋራዡ ሄዱ። የሄዱት ግን ሊተዉት ነው፤ ብረቱን ቆራርጠህ ለሌላ ሥራ አውለው ሊሉት። ኃይለሚካኤል እምቢ አለ። በየአገሩ ካለ እኛ ጋ ለምን አይኖርም ብሎ ተቆጣቸው። ያን ሰሞን ደግሞ አንድ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነገሩን ሰምቶ መኪናውን ይዞ መጣ። ባለፈው ቅዳሜ ገጠሙለት። እኔም ነበርኩ።

ሹፌሩ ወደ ኋላ ሲመጣ ረዳቱ፣ ቢሩክ የሚባል ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ጎልማሳ፣ እንደ ልማዱ ሄዶ መሃል ቆመ። ሰው ግባ አላለውም፤ እግሩ ነው የወሰደው። አባባ እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። «ውጣ! ውጣልኝ!» እያሉ ሮጡ፤ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ሮጡ እማዬ። ክንዱን ይዘው ጎትተው አወጡትና ጎን አቆሙት። መኪናው መጣ፤ ዘንጉ አፉ ውስጥ ገባ፤ ፒኑ ጓ ብሎ ወረደ። ሁሉም አጨበጨበ። ሹፌሩ ወርዶ እየሳቀ ሊጨብጣቸው እጁን ዘረጋ። አባባ ግን የቢሩክን ክንድ በሁለት እጃቸው እንደያዙ ነበሩ። ቢሩክም ገብቶት ነው መሰለኝ፣ ክንዱን ሳያስለቅቅ ቆመላቸው። ያኔ ነው «አምላኩ» ብለው ሲጠሩ የሰማሁት። ቀስ ብለው፣ አንድ ጊዜ።

ነይ ብዬ አልለምንሽም። ይቅር በያቸውም አልልሽም፤ እሱ የእኔ ቦታ አይደለም። እንድታውቂው ብቻ ነው የጻፍኩት።

እቴቴ ምንትዋብን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ለዓይኗ ጠብታ በሚቀጥለው አውቶቡስ እልካለሁ። ሮዳስን ጎበዝ ተማሪ ሁኚ ብላሻለች በያት፤ ለትንሿ አርያም የላክሁት ጫማ ካልሆናት ቁጥሯን ንገሪኝ። ለጎረቤቶቻችሁ ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ከዚህ ኃይለሚካኤል ከነቤተሰቡ እጅ ነሥቷል።

አባባም ከእርስዎ ምን ብዬ ልጻፍላት ብላቸው፣ እኔው እጽፋለሁ ብለው ወረቀትና እስክሪብቶ ተቀበሉኝ። ጠረጴዛው ላይ ረጅም ሰዓት ተቀመጡ። ኋላ ሲነሡ ሄጄ ሳየው፣ «ተናኜ» ብለው ከላይ ስምሽን ጽፈዋል፤ ከታች ምንም የለም። ልጣለው ስል «እንዳለ ላኪላት» አሉኝ። ከዚህ ጋር አጥፌ አስገብቼዋለሁ።

ልጅሽ ብሩክታይት ገረመው

አያት፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.