ጋሽ ሽቦ፣ የቶን ቁልፉና ስምንቱ መስመሮች

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሽቦ» እያለ የሚጠራቸው ሬዲዮ ጠጋኝ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል የተከታተሉ ሲሆን፣ ያቋረጡትም የትምህርት ቤቱን ድምፅ ማጉያ ፈተው ሲገጥሙ ሦስት ብሎን በመትረፉ ነው። ድምፅ ማጉያው ከቀድሞው ይበልጥ ይጮህ እንደነበር ግን ማንም አልመሰከረላቸውም።

በ1971 ዓ.ም. ከደረጃ ሥር ባለች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ በሚቆምባት ክፍል ሥራ ጀመሩ። በ1976 ዓ.ም. የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው፣ «የሰውን ሬዲዮ ሁሉ ያናግራል፤ እሱ ራሱ ግን በቀን አሥር ቃል አይወጣውም» ይሉ ነበር።

በኋለኛው ዘመናቸው ስማቸው የተነሣው የጊታርን ድምፅ በሚያሻክሩ፣ በእግር በሚረገጡ የቆርቆሮ ሳጥኖች ነው። አንዱንም ሳጥን ቀኝ ጆሮአቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠግተው ሳይፈትኑ አያስረክቡም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን ተጫዋቾች «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እንደ መጋዝ ጆሮ ይቆርጣል» እያሉ ይመልሱላቸው ጀመር። እሳቸውም «ጆሮህን አስለምደው» ብለው ይሸኛሉ። ሴት ልጃቸው ቀጭኑን ድምፅ የሚቀንስ የቶን ቁልፍ እንጨምርበት ስትል፣ «ቁልፍ ማብዛት መወሰን ያቃተው ሠሪ ሥራ ነው» አሏት። ግትርነቷ ከማን እንደ መጣ ይታወቃልና፣ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ቁልፉ በአንዱ ሳጥን ላይ ተገጠመ።

ልጅቷ ቁልፉን እስከ ግማሽ ድረስ ወዲያና ወዲህ አዞረችው። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ቀኝ ጆሮአቸውን አስጠግተው «ምንም አልተለወጠም፤ የሽቦው ብየዳ፣ ስታኞው አልያዘም» አሏት። ሽቦውን ነቅላ እንደገና አጣበቀችው። «አሁንም ያው ነው።» በር ላይ የቆመው ጊታር ተጫዋች ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ደፍኗል። ጋሽ ሽቦ እሱን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ግራ ጆሮአቸውን አስጠጉና «እስቲ መልሺው» አሉ። መለሰችው። በግራ ጆሮአቸው ለውጡ ጥርት ብሎ ተሰማቸው። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ብቻ ነበር ያሉት።

ከዚያ ወዲህ ገበታ ላይ ሰው ሁሉ በግራቸው እንዲሆን ግድግዳውን በቀኝ አድርገው ይቀመጡ ጀመር። ጠዋት ጠዋት እቤት በሩን ዘግተው፣ ግራ ጆሮአቸውን በጥጥ ደፍነው፣ አንዲት ክር እየመቱ ቁልፉን ያዞራሉ። ቀኝ ጆሮአቸው ለውጡን መስማት የሚጀምርበት ቦታ በራቀ ቁጥር በሳጥኑ ክዳን ላይ፣ በቁልፉ ዙሪያ በእርሳስ ያሰምሩና ቀኑን ይጽፉበታል። የመጀመሪያው መስመር መሃል ላይ ነበር። ተከታዮቹ አንድ በአንድ ወደ ታችኛው ጫፍ ወረዱ። ከበሩ ውጭ የቆሙት ባለቤታቸው ያቺው ክር ስትደጋገም እየሰሙ፣ ምን እንደሚፈሩ ሳያውቁ ይፈሩ ነበር። ልጃቸው ሐኪም ዘንድ እንሂድ ባለች ቁጥር «ዝም በይ፣ ሕመሙን በስሙ አትጥሪው» ይሏታል።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ስምንተኛው መስመር ጫፉ ላይ አረፈ። ዘጠነኛ የሚሰመርበት ቦታ አልነበረም። ያን ዕለት ሳጥኑን በፌስታል ይዘው ከልጃቸው ጋር ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ መስመሮቹን በጣታቸው እየተከተሉ «ይህን ማን ለካው?» ሲሉ ጠየቁ። በምርመራው ከጆሮአቸው በስተጀርባ ክፉ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙ የመጀመሪያውን መስመር ቀን ደግመው አነበቡና ሳጥኑን በክዳኑ ደፍተው አስቀመጡት።

ጋሽ ሽቦ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ በቤተሰባቸው ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

ልጃቸው በዚህ በቀብራቸው ላይ በሚነበበው ጽሑፍ የሚያስመሰግናቸውን ብቻ ልታሰፍር ነበር። እሳቸው ግን በአልጋቸው ሳሉ፣ «ፈሪ ነበር በይ። የፈራውን በእርሳስ ከመለካት በቀር ምንም አላደረገም በይ። ከለቀስተኛው መሃል አንድ ጆሮው የከዳው ካለ ነገ ጠዋት ይሂድ» ብለው አዘዋታል። ቃላቸው እነሆ ደርሷል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ፍርሃት በማይገባበት ቤት ያሳርፍልን፤ በዚህ ለቆምነውም በጊዜ የሚሄድ እግር ይስጠን።