ከሮም ዞረው ለመጡት ፊደሎቻችን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ክብረት
የከተማችን የታፔላ ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? በተለይ ዓይንዎ ደህና እንዲሆን አጥብቄ እመኛለሁ፤ አዲሱን ፊደልዎን ሳይቸገር የሚያነብ ዓይን በከተማችን እስካሁን አላገኘሁምና። እኔ ፒያሳ አካባቢ ሠላሳ አንድ ዓመት ታፔላ በብሩሽ ስጽፍ የኖርሁ፣ ይታየው የተባልሁ ሰው ነኝ።

በእጅ የተጻፈ ታፔላ ሁሉ እስከ ግንቦት ሠላሳ ወርዶ በአዲሱ የኮምፒዩተር ፊደል እንዲተካ ያዘዙበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ፊደሉ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ሮም ከታተመ የግእዝ መጽሐፍ ተወስዶ ለዘመናችን እንዲመች መታደሱንም አንብቤ ተደንቄአለሁ። ቁርጡን ለመናገር ግን በዚያ ቀን እንጀራዬ ይዘጋል፤ ይህ ከፍቶኛል። ስለዚህ ጥቂት ቅሬታዬን ከነምስጋናው አቀርባለሁ።

፩. የሮም አታሚዎች ያን ፊደል የቀረጹት ከእኛው መነኮሳት ተምረው እንደሆነ ይነገራል። የአገር ቤቱን ፊደል በሮም አዙረው፣ ከእያንዳንዱ ፊደል እግር ሥር ትንሽ ጫማ አጥልቀው ስላመጡልን እናመሰግናለን። ዕድሜ ልካቸውን ብራና ሲፍቁና ሲጽፉ ለኖሩት ጎረቤቴ ለአያ ህሩይ ናሙናውን ባሳያቸው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ ካዩት በኋላ «ሸጋ ነው። ምነው ታዲያ እኔን አልጠየቁኝ? የእኔ ቤት ከሮም ይቀርብ ነበር» አሉኝ። ጽሕፈት ቤትዎ እንዲያስረዳቸው በትሕትና እጠይቃለሁ።

፪. ከፊደሉ ጭረት ግማሹ ወፍራም፣ ግማሹ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ወረቀት ላይ በእውነት ያምራል፤ ቀንቼበታለሁ። መንገድ ዳር ሲቆም ግን ፀሐይና አቧራ ቀጭኑን በልተው ወፍራሙን ብቻ ይተዋሉ። በከተማችን መውጫ፣ ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ የምትሸጠው ውቢት ትእዛዝዎን ከሁሉ ቀድማ አክብራ የእኔን ታፔላ አወረደች። አሁን ማኪናው ሁሉ ሳይቆም ወደ ኮሶዬ ያልፋል፤ ወርዶ የሚያነብ ቢገኝ ጎማ የተነፈሰበት ነው። ስለሰጧት ዕረፍት ታመሰግንዎታለች።

፫. የሙያ ፈቃዴ የሚታደሰው ፊደሉን በኮምፒዩተር መጻፌ ሲረጋገጥ ነው ተብዬ ተፈተንሁ፤ ወደቅሁም። ፈታኟ ወይዘሮ ሥርጉት ጨዋ ሴት ናቸው፤ ኮምፒዩተሩ የት ጋ እንደሚበራ እንኳ በትዕግሥት አሳይተውኛል። ያንኑ ፊደል በብሩሽ ልጻፈው ብዬ ብለምናቸው ግን ደንቡ አይፈቅድም አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ፊደሉን አልጠላሁትም። ብሩሼን እንዳያስጥሉኝ ብቻ እለምናለሁ፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ሹመትዎ እንዲረዝም፣ ታፔላዎ እንዲነበብ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ ይታየው
የፈቃድ አመልካችና ወዳቂ ተፈታኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጽሕፈት ቤትዎ በተመረቀበት ዕለት ማለዳ፣ የማተሚያ ማሽንዎ ፊደሉን አላውቀውም ብሎ የበርዎን ታፔላ ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ አድርጎ ቢያወጣው፣ ሠራተኞችዎ በጓሮ አስገብተው ሙሉውን በዚያው በአዲሱ ፊደል በብሩሽ አስጽፈውኛል። እርስዎ ለእንግዶች ታፔላውን እያሳዩ «የሰው እጅ እንዲህ ያለ ጥራት ከቶ አይደርስበትም» ሲሉ፣ ከኋላ ቆሜ አጨብጭቤአለሁ። በትእዛዝዎ መሠረት እርሱም የሚወርድ ከሆነ መሰላል አለኝ።